አንድ ባቄላ ስንት ነው?

አሰላ፣ ሐምሌ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለጋሼ ፍሰሐ፤

ይህ ደብዳቤ በጤናዎና በሰላምዎ ላይ ይድረስ። እኔ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና ደህና ነኝ። እናቴም ደብረ ሲና ደህና ናት፤ ጉልበቷ ብቻ ዳገቱን ከልክሏታል። የስምንት ዓመት ልጅ ሳለሁ በእጅዎ ጽፈው ከዴንማርክ የላኩልኝን የማባዛት ሰንጠረዥ እስካሁን ሳጥን ውስጥ አስቀምጣዋለች። ዛሬ ከቁጥር ጋር እየዋልኩ የምተዳደረው ከዚያ ወረቀት ተነስቼ ነው። ምስጋናዬን በየደብዳቤው ብደግመው አይሰልቹብኝ።

አሰላ ክረምቱ ጠንቷል። ጠዋት ጠዋት የጭላሎ ተራራ አይታይም።

ጋሼ፣ ዛሬ የምጽፈው ደስ የሚል ነገር አይደለም። የመጋዘኑን ኃላፊነት በሚያዝያ ከጋሽ ሣህሌ መረከቤን ነግሬዎት ነበር። እሳቸው ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርተው በጡረታ ወጡ፤ አሁን ሐዋሳ ልጃቸው ዘንድ ናቸው። እኔ እንደተረከብኩ፣ አምና ዋግ ስንዴያቸውን ላጠፋባቸው ገበሬዎች በነፃ የሚታደል ዘር መጣልን። ባለ ሃምሳ ኪሎ ጆንያ፣ ለአንድ አባወራ አንድ። ከግንቦት አጋማሽ እስከ ሰኔ አጋማሽ ወደ ጢቾ፣ ወደ አርቦዬና ወደ በቆጂ በአስራ አራት አይሱዙ ጫንን። ሰኔ 30 የዓመቱ ቆጠራ ሲደረግ በወረቀት ያለውና መጋዘን ውስጥ ያለው አልገጠመም። ሁለት መቶ ስልሳ ሁለት ጆንያ ጎደለ።

ሦስት ጊዜ አስቆጠርኩ። ሦስቴም 262።

የገባው በሚዛን ተመዝኖ፣ ማኅተም ተደርጎበት ነው። የወጣውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ቁልፉም እኔ ዘንድ ብቻ ነው። አጣሪ ኮሚቴ ተቋቁሟል፤ ሰብሳቢው አቶ ገብረ መድህን ይባላሉ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ግን "መሰረት፣ ስንዴ እግር የለውም" አሉኝ። ጉድለቱ ካልተገኘ ከሥራ መባረር ብቻ አይደለም፤ ፍርድ ቤት ነው።

አርቦዬ ሲያስተምሩ ተማሪዎ የነበረ ሰው ዛሬ አዳማ ትልቅ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ እናቴ ነግራኛለች። አንዲት ቃል ቢጽፉለት ይሰማዎታል። ሌላ የምለምነው የለኝም።

የእህትዎ ልጅ መሰረት

*

ኦደንሴ፣ ሐምሌ 18 ቀን 2017

ለልጄ ለመሰረት፤

እግዚአብሔር መግቢያ መውጫሽን ይጠብቅ። እናትሽን ጉልበቷን ስሚልኝ። ችግርሽን ለኔ ስለነገርሽኝ አመሰግንሻለሁ። ጆሮዬ በልብስ ማጠቢያው ጩኸት ከደከመ ወዲህ በስልክ የሚፈልገኝ ሰው የለም። የሚጽፍልኝ ደግሞ አንቺ ብቻ ነሽ።

ለዚያ ሰው አልጽፍም። ጥፋተኛ ከሆንሽ አይገባሽም፤ ካልሆንሽ አያስፈልግሽም። አትቀየሚኝ።

ደብዳቤሽን አራት ጊዜ አነበብኩት። "የወጣውን የጻፍኩት እኔ ነኝ" ብለሻል። "የቆጠርኩት" አላልሽም። ሁለቱ አንድ አይደሉም። ጆንያው ከበሩ ሲወጣ ማን ቆጠረው? እንዴት ቆጠረው? በምን ያዘው? አንቺ ዘንድ እስኪደርስ በስንት እጅ አለፈ? ትንሽ መስሎ የታየሽን ነገር ሁሉ ጻፊልኝ። ማስታወሻ ደብተርሽንም እንደ ደብዳቤዎቻችን ሁሉ ገጽ በገጽ ፎቶ አንስተሽ በስልክ ላኪ።

እኔ እዚህ የሆስፒታል አንሶላ ነው የምቆጥረው። ንጹሕ ሆኖ የሚወጣው ከቆሸሸው ጋር ገጥሞ የማያውቅ ነገር ነው፤ እስካሁን ግን አንሶላ የሰረቀ ሰው አላየሁም። ስለዚህ ለመደንገጥ አትቸኩዪ።

አጎትሽ ፍሰሐ

*

አሰላ፣ ሐምሌ 27 ቀን 2017

ለጋሼ ፍሰሐ፤

ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። መልስዎ ሲደርሰኝ በመጀመሪያ ከፋኝ፤ አልዋሽም። ሁለተኛ ሳነበው አመሰገንኩዎ።

የሚቆጥረው አንድ የቀን ሠራተኛ ነው። ዕድሜው የገፋ፣ ፊደል ያልቆጠረ። ከጋሽ ሣህሌ ጋር የኖረ ስለሆነ እንዳለ ተረከብኩት። ሲጫን በሩ ላይ ይቆማል። ቀኝ እጁን ከብርዱ የተነሳ ከካፖርቱ ኪስ አያወጣም። ጫኞቹ አራት ናቸው፤ በፊቱ እየተመላለሱ ያልፋሉ። የተወሰነ ካለፈ በኋላ በግራ እጁ አንድ ባቄላ ጣሳ ውስጥ ይጥላል። መኪናው ሲሞላ ጣሳውን ጠረጴዛዬ ላይ ይገለብጥና "ዘጠኝ፣ ትርፍ ሰባት" ይላል። እኔ ባቄላውን ቆጥሬ 97 ብዬ እጽፋለሁ። ሌላ እጅ የለበትም።

ጉድለቱ እንደታወቀ ጠራሁት።

"ተሳስተሃል ወይ?" አልኩት።

"እኔ የተሳሳትኩ ቀን ጭላሎ ተነስቶ ይሄዳል" አለ።

ጫኞቹ ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም፤ ጮህኩበት። በሰው ፊት ሌባ ሳልለው አልቀርም። ከዚያ ወዲህ አያናግረኝም። ኦሮምኛ አልችልም፤ እሱም አማርኛው ሲናደድ ይጠፋዋል።

ሐዋሳ ጋሽ ሣህሌ ጋ ደወልኩ።

"ሰውየው ቆጠራ ይስታል እንዴ?" አልኳቸው።

"አንዲት ፍሬ አይስትም።"

"እንግዲያው ማን ሳተ?"

"እሱን ቁልፍ የያዘው ያውቃል" ብለው ዘጉት።

ኮሚቴው አንድ መንገድ አሳይቶኛል። ቆጣሪው ከሹፌሮቹ ጋር ተስማምቶ ትርፍ ያስጭን ነበር ብዬ እጠረጥራለሁ የሚል ወረቀት አዘጋጅተዋል። ከኔ የሚፈለገው ፊርማ ብቻ ነው። እስከ ነሐሴ 20 ጊዜ ሰጥተውኛል። ከፈረምኩ ነገሩ ከኔ ላይ ይነሳል።

ጋሼ፣ እናቴን የምጦረው እኔ ነኝ። እሱ አርጅቷል፤ ምን ያጣል? እንዲህ ማሰቤን አልወደድኩትም፤ ግን አሰብኩ። ፎቶዎቹን ከዚህ ጋር ልኬያለሁ። ቶሎ ይጻፉልኝ።

መሰረት

*

ኦደንሴ፣ ነሐሴ 17 ቀን 2017

ልጄ መሰረት፤

ሰላምታዬ አጭር ነው፤ ቀንሽ አጭር ስለሆነ። ፈጣሪ እጅሽን ይጠብቅልኝ። እስካሁን እንዳልፈረምሽ አምናለሁ። ሦስት ቀን ይቀርሻል፤ አትፈርሚ።

ሃያ ቀን የዘገየሁት በሥራ አይደለም። መምህር የነበረ ሰው መልስ ሳይዝ መጻፍ ይከብደዋል። ኩራት ነው።

እዚህ ከኔ ጋር አንሶላ የምትቆጥር ኪርስተን የምትባል ሴት አለች፤ ጡረታ ልትወጣ ሁለት ወር ቀርቷታል። ባለፈው ዓርብ አንድ ጥቅል አስራ "ትሬስ!" አለችኝ። ስልሳ ማለት ነው። አስራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሰምቼዋለሁ። "ትሬ" ደግሞ ሦስት ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ጠየቅኳት።

"ሦስት ምን?"

"ስልሳ ነዋ!" ብላ ጆሮዬ ላይ ጮኸች።

"ስልሳ መሆኑንማ አውቃለሁ። ሦስቱ ምንድን ነው?"

አንሶላውን አቅፋ ቆመች። "አላውቅም" አለች፤ "ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።"

ቤት ገብቼ መጽሐፍ አየሁ። ሦስት ሃያ ማለት ነው። ሰማንያቸው አራት ሃያ ነው። እኛ በአስር በአስር እንደምንወጣው እነሱ በሃያ በሃያ ይወጡ ነበር። ድሮ "ሦስት ጊዜ ሃያ" ብለው ሙሉውን ይጠሩት ነበር፤ ኋላ ሁሉም ስለሚያውቀው ሃያውን ከአፋቸው ጣሉት። ቀጥሎ የመጣው ትውልድ ሃያ መኖሩንም ረሳ።

ያን ጊዜ የሽማግሌው ጣሳ ትዝ አለኝ። "ዘጠኝ" ይላል። ዘጠኝ ምን? አንቺ ዘጠና ብለሽ ጻፍሽ። አስር ነው ብሎ የነገረሽ ማን ነው? ማንም። ጠይቀሽ አታውቂም፤ እሱም የማይታወቅ ነገር መሆኑን አያውቅም።

ደብተርሽ ላይ ያሉትን ባቄላዎች ደመርኩ። 97 ያልሽውን ዘጠኝ፣ 100 ያልሽውን አስር እያልኩ። 132 መጡ። የጎደለው 262 ነው፤ በየባቄላው ሁለት ሊሞላ ትንሽ የቀረው። ሌባ በየባቄላው ሁለት ሁለት ጆንያ አይሰርቅም። ባቄላው አስራ ሁለት ቢሆንስ? እሱ አስራ ሁለት ጆንያ ያስወጣል፣ አንቺ አስር ትጽፊያለሽ። መጋዘንሽ በየባቄላው ሁለት ይጎድላል፤ ማንም ሳይሰርቅ።

አስራ ሁለት ከየት መጣ አትበይ። ቀንሽ አስራ ሁለት ሰዓት ነው። እስክርቢቶ በደርዘን ትገዢያለሽ። ደቂቃሽ በስልሳ ይሞላል፣ ሳምንትሽ በሰባት። በአስር ብቻ የኖረ ሰው የለም። አስር የነገሠው ከሌሎቹ ስለበለጠ አይደለም፤ ጣታችን አስር ስለሆነ ነው። በሁለትና በአምስት ይካፈላል እንጂ በሦስት እምቢ ይላል፣ በአራትም እምቢ ይላል። አስራ ሁለት በሁለትም በሦስትም በአራትም በስድስትም እሺ ይላል። ጫኞችሽ ስንት ናቸው አልሽኝ? አራት። አራት ሰው አስር ጆንያ እኩል መሸከም አይችልም።

ግን ሒሳቤ አልሞላም። 132 በሁለት ሲባዛ 264 ነው። አንቺ 262 ነው ያልሽኝ። ሁለት ጆንያ ተርፎኝ ተጨንቄያለሁ። ሁለት ጆንያ የማይገጥም መልስ መልስ አይደለም። በአስራ ሁለት የሚቆጥር ሰው አልፎ አልፎ ትርፉ አስር ወይም አስራ አንድ ይሆናል። በአስር የሚቆጥር ግን ትርፍ አስራ አንድ ሊል አይችልም። እንዲህ ያለ ነገር ሰምተሽ ታውቂያለሽ? የግንቦት 28 ገጽሽ ላይ የተሰረዘ ነገር አለ፤ በፎቶው አይነበብም።

ሄደሽ ሰውየውን ጠይቂው። "ተሳስተሃል ወይ?" ብለሽ አይደለም። "አንድ ባቄላ ስንት ነው?" ብለሽ። ስሙንም ጻፊልኝ። ስለሱ ይህን ያህል ጽፈሽ ስሙን አንድ ጊዜ እንኳ አልጠራሽውም።

ፍሰሐ

*

አሰላ፣ ነሐሴ 21 ቀን 2017

ለጋሼ ፍሰሐ፤

ፈጣሪ ብርሃኑን አይንሳዎ። ስማቸው ሀሰኖ ነው። ኦቦ ሀሰኖ።

ግንቦት 28 ጣሳውን ገልብጠው "ስምንት፣ ትርፍ አስራ አንድ" አሉኝ። እኔ ሳቅኩ። "ትርፍ አስራ አንድ የሚባል የለም፤ አንድ ባቄላ መጣል ረስተህ ነው" አልኳቸው። ስምንት ብዬ የጀመርኩትን ሰርዤ 91 ብዬ ጻፍኩ። ሳርማቸው ቆመው አዩኝ። እርስዎ በዚያ ገጽ ዘጠኝ ባቄላ የቆጠሩት በኔ እርማት ነው። ባቄላው ስምንት ነበር። እንግዲህ 132 አይደለም፣ 131 ነው። በሁለት ሲባዛ 262።

ደብዳቤዎን እንደያዝኩ ቤታቸው ሄድኩ። ከከተማው በላይ በኩል ዳገቱ ላይ ነው። ልጃቸው ፋጡ ገበያ ቅመም ትሸጣለች፤ እሷ ከፈተችልኝ። አየችኝና ወደ ውስጥ ዞራ "አባ፣ ያቺ ከሳሽህ መጥታለች" አለች። በአማርኛ ያለችው እኔ እንድሰማው ነው።

ኦቦ ሀሰኖ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። አልተነሱም፤ ተቀመጪም አላሉኝም።

"አንድ ባቄላ ስንት ነው?" አልኳቸው።

ለፋጡ በኦሮምኛ አንድ ነገር አሏት። እሷ ሳቀች። "'ይህን ሁሉ የጻፈችው ሳታውቅ ነው እንዴ?' ይልሻል" አለችኝ።

"አዎ በያቸው።"

"እኔ ደግሞ ዲግሪ አላት ሲሉ ሰምቼ ነበር" አለች።

ያን ጊዜ ቀኝ እጃቸውን ከኪሳቸው አወጡ። አውራ ጣታቸውን በሌባ ጣት አንጓዎች ላይ አሳለፉ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። በመሐል ጣት ሦስት፣ በቀለበት ጣት ሦስት፣ በትንሿ ጣት ሦስት። አስራ ሁለት። በግራቸው ባቄላ የመጣል ምልክት አሳዩኝ። ኪስ ውስጥ የነበረው ቆጠራ ይኸው ነበር፤ እኔ ብርድ መስሎኛል።

"አውራ ጣቱስ? እሱ አይቆጠርም?" አልኩ።

ይህን ራሳቸው በአማርኛ መለሱልኝ። "አውራ ጣት እረኛ ነው። እረኛ ከከብቱ ጋር ይቆጠራል?"

ለምን በአስር እንዳልሆነ ጠየቅኳቸው። ፋጡ ቃል በቃል እየነገረችኝ እንዲህ አሉ፤ "አራት ጫኝ ሦስት ሦስት ጊዜ ሲመላለስ አንድ ባቄላ። ባቄላው ሲወድቅ ሁሉም እኩል ደክሟል። በአስር ብጥል ሁለቱ ሦስት ተሸክመው ሁለቱ ሁለት ይሸከማሉ። ከዚያ በኋላ ጭነት የለም፤ ዱላ ነው። ሣህሌ ይህን ያውቃል። ባቄላውን ያይና በጭንቅላቱ አባዝቶ ይጽፋል። እኔ እቆጥራለሁ፣ ጸሐፊ ያሰላል።"

"ለምን አልነገሩኝም?"

"ማን ጠየቀኝ? አንቺ የጠየቅሽኝ ተሳስተሃል ወይ ብለሽ ነው። አልተሳሳትኩም።"

ጋሼ፣ አሁን ያልጻፍኩልዎን ልጻፍ። ነሐሴ 8 ቀን ፈርሜያለሁ። ደብዳቤዎ ሲዘገይ፣ አቶ ገብረ መድህን በየቀኑ ሲጠሩኝ ፈራሁና ፈረምኩ። ኦቦ ሀሰኖ ከሥራ ቀሩ። ፖሊስ ጠርቶ አንድ ቀን ሙሉ ቃላቸውን ሲቀበል ዋለ። ጉቱ የሚባለውን ሹፌርም ጠሩት። ወሬው በመኪና ነው የሚሄደው፤ ጢቾ፣ አርቦዬና በቆጂ ደርሷል። "የዘር ሌባ" ነው የሚሏቸው። ፋጡ ገበያ ላይ ሰምታዋለች።

ቤታቸው ስገባ ይህን ሁሉ ያውቁ ነበር። እጃቸውን ዘርግተው አስተማሩኝ። እኔ ቁጥሩን ይዤ ወጣሁ። ይቅርታ አልጠየቅኩም።

መሰረት

*

ኦደንሴ፣ ነሐሴ 24 ቀን 2017

ለመሰረት፤

ጸጋውን ያብዛልሽ። ደብዳቤሽን በምሳ ሰዓት አንብቤ ምሳዬን ተውኩት።

ሃያ ቀን መልስ ሳሳምር አንቺ አሥራ አንደኛው ቀን ላይ ፈረምሽ። "አላወቅኩም፤ ግን አትፈርሚ" ብዬ በማግሥቱ ብጽፍ ኖሮ ይህ አይሆንም ነበር። የጥፋቱ ግማሽ የኔ ነው፤ ውሰጂልኝ ብዬ አልልሽም፣ እኔው እይዘዋለሁ። ሳትደብቂ ስለጻፍሽልኝ ግን አመሰግንሻለሁ።

አሁን ይህን አድርጊ። ሄደሽ ፊርማሽን አንሺ። ሒሳቡን በወረቀት አስፍሪ፤ ግን ሒሳብ ብቻውን ሰው አያሳምንም። ዘሩ ለአንድ አባወራ አንድ ከሆነ የወሰደው ሁሉ የሆነ ቦታ ፈርሟል ወይም አሻራውን አድርጓል። ጢቾ በ97 የላክሽው መኪና 115 ሰው ሊኖረው ይገባል። ዘጠኝ አስራ ሁለት 108፣ ትርፍ ሰባት። 115 ካልሆነ እኔ ተሳስቻለሁ፤ አንቺም ጠፍተሻል። ሳያዩት በፊት ቁጥሩን ጽፈሽ ስጫቸው። አይተው እንዲያምኑሽ ነው።

ፊርማሽን ያነሳሽ ዕለት ጥርጣሬው ተመልሶ አንቺ ላይ ይወድቃል። ይህን አውቀሽ ሂጂ።

ኦቦ ሀሰኖን ስለሰጡኝ ትምህርት አመስግኚልኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ጣት አስር ነው ብዬ ሳስተምር ኖርኩ።

ፍሰሐ

*

አሰላ፣ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለክቡር አጎቴ ለጋሼ ፍሰሐ፤

የሰላም አምላክ ከርስዎ ጋር ይሁን። በእናቴ ስልክ ደህና መሆኔን ብቻ አስልኬ ነበር። ሁሉም ሳያልቅ መጻፍ አልፈለግኩም፤ ኩራት ግን አይደለም። ያላለቀ ነገር እንዳልነግርዎ ፈርቼ ነው።

ነሐሴ 27 ሄጄ ፊርማዬን አነሳሁ። አቶ ገብረ መድህን መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ።

"እሱ ከወጣ ማን ሊቀር ነው?"

"እኔ" አልኩ።

ሒሳቡን አስረዳኋቸው። ሰሙኝ፤ ግን ስለ ባቄላ ያወራሁላቸው በመጨነቄ መስሏቸዋል። 115 ብዬ የጻፍኩበትን ወረቀት በፖስታ አሽጌ ሰጠኋቸው። ከሥራ አገዱኝ። እንቁጣጣሽን ደብረ ሲና ዋልኩ፤ ለእናቴ ምንም አልነገርኳትም።

መስከረም 22 ጠሩኝ፤ አብረን ጢቾ ሄድን። የቀበሌው የግብርና ሠራተኛ ሊበን የሚባል ወጣት ነው። ፋይሉን አወጣ። የዘር ተቀባዮች ስም፣ በየስሙ ጎን ወይ ፊርማ ወይ ሰማያዊ አሻራ። አቶ ገብረ መድህን በእስክርቢቷቸው ጫፍ እየነኩ ራሳቸው ቆጠሩ። ሲጨርሱ እንደገና ቆጠሩ። ከዚያ ፖስታውን ከኪሳቸው አውጥተው ቀደዱት። 115።

"ዘጠና ሰባት ብሎ በመጣ ወረቀት መቶ አስራ አምስት ሰው ስታስፈርም ለምን ዝም አልክ?" አሉት።

"ጋሼ፣ ትርፍ ሲመጣ ማን ይጮሃል?" አለ ሊበን። "ጎድሎ ቢሆን ድምፄን አሰላ ሆነው ይሰሙኝ ነበር።"

አቶ ገብረ መድህን እንኳ ሳቁ። በአስራ አራቱም መኪና እንደዚያው አደረጉ። በቆጂ 100 ብዬ የላክሁት 120 ሆኖ ተገኘ። ግንቦት 28 በ91 የሄደው 107። ከኔ ወረቀት በላይ የተገኘው ሰው ሲደመር 262። አንድም አልጎደለ፣ አንድም አልተረፈ። ጥቅምት 6 ቀን ነገሩ ተዘጋ፤ ወደ ሥራዬም ተመለስኩ። ቆጣሪውን ሳልጠይቅ በመጻፌ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፤ ይገባኛል።

ከዚያ በኋላ አቶ ገብረ መድህን ከእንግዲህ በአስር ይቆጠር ብለው ሌላ ቆጣሪ አቆሙ። በመጀመሪያው ቀን ከረፋዱ ጀምሮ አራቱ ጫኞች "አንተ ሁለት፣ እኔ ሦስት" እያሉ ተጨቃጨቁ። በሁለተኛው ቀን አንዱ ጆንያውን መሬት ላይ ወርውሮ ሄደ። በሦስተኛው ቀን አቶ ገብረ መድህን ራሳቸው "ሽማግሌውን ጥሩልኝ" አሉ። አሁን የወጪ ቅጻችን ላይ አንድ መስመር አለ፤ "አንድ ባቄላ አስራ ሁለት ጆንያ ነው" ይላል። በእጄ ጽፌ እኔው አስባዛሁት።

ኦቦ ሀሰኖ ግን ሲጠሩ አልመጡም። ሽማግሌ ላኩ። ሦስት ሰዎች መጥተው ፊታቸው አስቆሙኝ፤ ኦቦ ሀሰኖም ነበሩ። ጥፋቴን በራሴ አፍ ተናገርኩ፤ አልደበቅኩም። ይቅርታ ጠየቅኩ። ካሳ ክፈይ ይሉኝ ይሆናል ብዬ ነበር። የሽማግሌዎቹ ታላቅ እንዲህ ብለው ፈረዱ፤ "ከብት አንፈልግም፣ ብርም አንፈልግም። ቃሉ በሄደበት መንገድ ይመለስ። ያጠፋችውን ስም በየገበያው ቆማ ታንሳ።" ጢቾ፣ አርቦዬ፣ በቆጂ። በገበያ ቀን። ኦቦ ሀሰኖ ባሉበት።

የወሰደን ጉቱ ነው፤ ያው አብሮ የተጠራው ሹፌር። ጋቢናው ውስጥ እኔ መሐል፣ ኦቦ ሀሰኖ በር በኩል ነበርን። ሳንንቀሳቀስ "ዛሬ ስንት ሌባ ጫንኩ?" አለ። "በአስር ነው በአስራ ሁለት የምቆጥረው?" ኦቦ ሀሰኖ ወደ መስኮቱ ዞሩ። ትከሻቸው በሳቅ ሲነቀነቅ አይቻለሁ።

ጢቾ ላይ አቋርጬ ሁለት ጊዜ ጀመርኩ። አርቦዬ ሙቀት ነበር፤ ሰዉ ጥላ ፍለጋ ሲበተን እየተከተልኩ ተናገርኩ። ፋጡ እየተረጎመች ነው። አንዳንድ ጊዜ እኔ ካልኩት ይልቅ የሷ ይረዝም ነበር። ምን እንደጨመረች አልጠየቅኳትም።

በቆጂ የመጨረሻው ነበር፤ ትናንት። ገብስና ስንዴ ሻጩ መሐል አቁመውኝ፣ "ኦቦ ሀሰኖ ቱሳ ሌባ አይደሉም። አንዲት ጆንያ አልወሰዱም። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ ፈርቼ በሳቸው ላይ ፈረምኩ" አልኩ። አባይነሽ የምትባል ገበሬ ከሰዉ መሐል ወጣች። "እኔ ያን ጆንያ ወስጃለሁ፤ አሻራዬም አለ" አለች። "ስንዴዬ ሳምንት ይታጨዳል። ቁጥሩን እናንተ ተጣሉበት። እኔ ቆጥሮ ያስጫነልኝን ሰው ላየው እፈልግ ነበር።" ሄዳ ኦቦ ሀሰኖን እጃቸውን ሳመች። እሳቸው ደነገጡ፤ እጃቸውን መለስ አደረጉ። ከዚያ ሌሎችም መጡ። እኔ ዳር ሆኜ አየሁ። እንዲህ ያለ ምስጋና ለኔ እንዳልሆነ አውቄ ደስ አለኝ።

ስንመለስ ሳጉሬን አለፍ እንዳልን ኦቦ ሀሰኖ ጉቱን መኪናውን አስቆሙት፤ የአስር ሶላት ሰዓት ደርሶ ነበር። ከመውረዳቸው በፊት ወደኔ ዞሩ። ከነሐሴ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሳቸው ጀምረው አናገሩኝ።

"ያ ባቄላውን ያወቀው አጎትሽ፣ ማን ይባላል?"

"ፍሰሐ።"

"የአባቱስ?"

"ፍሰሐ ወልደ ሰንበት።"

"የት ነው ያለው?"

"ዴንማርክ። በሃያ ይቆጥሩ በነበሩ ሰዎች አገር።"

"በሃያ!" አሉና እግራቸውን አዩ። "ከነእግራቸው ቆጥረው ነዋ።" ከዚያ "ዱአ ላደርግለት ነው" አሉኝ። "የማላውቀው ሰው ለኔ ደክሟል።"

ወርደው ሰገዱ። ጉቱና እኔ ጋቢናው ውስጥ ቆየን። ከጨረሱ በኋላ እጃቸውን ዘርግተው ሊጀምሩ ሲሉ አቆሙና ወደ መኪናው ተመልሰው መጡ።

"ድገሚልኝ" አሉኝ። ደገምኩላቸው። ሁለት እርምጃ ሄደው እንደገና ተመለሱ። እንደገና ነገርኳቸው።

ለኔም ያደርጉልኝ እንደሆነ አልጠየቅኩም። የርስዎን ስም ግን ሦስት ጊዜ አስጠሩኝ፤ እንዳይሳሳቱ።

አክባሪዎ፣ የእህትዎ ልጅ
መሰረት